የአፍንጫ ኦፕራሲዮን፦ አልጋ ይዞ ማደር ወይስ በዕለቱ መውጣት?

የአንገት በላይ ሐኪም «ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል» ካለ በኋላ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ያማል ወይ? ስንት ብር ይፈጃል? «የዚያን ዕለት ማታ የት ነው የማድረው?» የሚለው ዘግይቶ ይመጣል። አንዳንዱማ የሚያስበው ኦፕራሲዮኑ አልቆ፣ የመውጫ ወረቀት እጁ ከገባ በኋላ ነው።

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፤ በተለይ ወሎ ውስጥ። ሆጤ ቤት ያለው ደሴዬና ከሩቅ፣ ከዴላንታ ወገል ጤና የመጣ ሰው አንድ ዓይነት ኦፕራሲዮን በአንድ ሐኪም እጅ ይሠራላቸው እንበል። የሆጤው በዕለቱ ቤቱ ቢሄድ ምንም አይሆንም። የወገል ጤናው እንዲያ ካደረገ ግን ራሱን አደጋ ላይ ጣለ።

ሆስፒታሉ «ተመላላሽ» ሲል ጠዋት ገብታችሁ፣ ተሠርቶላችሁ፣ ጥቂት ሰዓት አርፋችሁ፣ ሳይመሽ ትወጣላችሁ ማለቱ ነው። «ተኝቶ ታካሚ» ከሆናችሁ ደግሞ ዋርድ ገብታችሁ ቢያንስ አንድ ሌሊት ታድራላችሁ። ለአፍንጫ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሌሊት አያልፍም።

በዕለቱ መሸኘትን እንደ ንቀት የሚያይ ሰው አለ። «አልጋ ስለሌላቸው ሸኙኝ» ይላል። አሠራሩ ግን የቆየ ነው። ጄምስ ኒኮል የሚባል የግላስጎው ሐኪም በሕፃናት ላይ ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ኦፕራሲዮን በተመላላሽ ሠርቶ ውጤቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። በ1970 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ፣ ፊኒክስ ከተማ፣ ሁለት የማደንዘዣ ሐኪሞች ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን ማዕከል ከፈቱ። ዛሬ እዚያ አገር አፍንጫውን ተሠርቶ ሆስፒታል የሚያድር ጥቂት ነው። ታዲያ እነሱ ሌሊት ደም ከፈሰሰ አምቡላንስ ይጠራሉ፣ ይመጣል። እኛ ስሌቱን የምንጀምረው ከዚህ ነው።

የምን ኦፕራሲዮን ነው?

«የአፍንጫ ኦፕራሲዮን» ብለን በአንድ ስም እንጥራው እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። የሚነስር የደም ሥር መተኮስ፣ የተሰበረ የአፍንጫ አጥንት ወደ ቦታው መመለስ፣ አየር የሚዘጋውን ያበጠ የውስጥ ሥጋ ማሳነስ አጫጭር ሥራዎች ናቸው። ሌላ በሽታ ከሌለ በዕለቱ ይወጣል። ስብራት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እብጠቱ እስኪጎድል ጥቂት ቀን ይጠበቃል እንጂ «ከመኸር በኋላ እሄዳለሁ» አይባልም። በአዋቂ ሰው ሁለት ሳምንት ካለፈ አጥንቱ እንደተጣመመ ይያያዛል።

በሌላው ጫፍ ያሉት ዕጢ ማውጣት፣ ከሌላ የፊት አጥንት ጋር የመጣ ስብራት፣ የአንጎል ውሃ በአፍንጫ የሚያፈስ ቀዳዳ መድፈን ናቸው። እነዚህ አልጋ ይይዛሉ፤ ምርጫም የላቸውም።

ምርጫ ያለው መሐሉ ላይ ነው። የተጣመመ የአፍንጫ መሐል ግድግዳ ማቃናት፣ ፖሊፕ (አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ ሥጋ) ማውጣት፣ የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የአየር ክፍተቶች) ኦፕራሲዮን፣ ቅርጽ ማስተካከል። ሐኪሙ «ብታድሩም ብትሄዱም ይቻላል» የሚለው እነዚህን ነው።

የልጆች አዴኖይድ (ከአፍንጫ ጀርባ ያለ ሥጋ) ማውጣትም አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ የሚያልቅ ነው። ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ፣ ወይም ሲተኛ እያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ የሚል ከሆነ ግን ማደር አለበት። ይህን ለሐኪሙ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ልጁ ክሊኒክ ውስጥ አይተኛም፤ ማታ ሲታፈን የሚሰማው እናቱ ናት። በስልክ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ብታሳዩ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ሌሊት

ማታው እንዲህ ነው። አፍንጫው በጎዝ ተወትፏል። የሚተነፈሰው በአፍ ብቻ ነው። ምራቅ በተዋጠ ቁጥር ጆሮ ድፍን ይላል። ዓይን ያለ ለቅሶ ያነባል። ከንፈር ይሰነጠቃል። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ አየሩም ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ጉሮሮ ቶሎ ይደርቃል። ከአፍንጫው ሥር ትንሽ ጎዝ በፕላስተር ተለጥፋለች። ቀስ እያለች ትቀላለች፤ ትቀየራለች። በሁለት በሦስት ትራስ ተደግፎ፣ ውሃ አጠገብ አስቀምጦ፣ ከንፈር በቫዝሊን እያረጠቡ ይነጋል። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። ለዚህ ብቻ ሆስፒታል ማደር አያስፈልግም።

የሚያስፈራው ነስር ነው። በፊት በኩል የሚፈስ ደም ይታያል፤ ሰው ይደነግጣል፣ ይሮጣል፣ ይደርሳል። የሚያታልለው ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ነው። በሽተኛው ተኝቷል፣ ትራሱ ንጹሕ ነው፣ ደሙ ግን እየተዋጠ ነው። ምልክቱ ደጋግሞ መዋጥ ነው። ልጅ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ይቀስቀስ። ከዚያ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ከዚያ የቡና አተላ የመሰለ ትውከት። እዚህ ከደረሰ ብዙ ደም ተውጧል።

ዋርድ ውስጥ ነርሷ ግፊት ትለካለች፣ በባትሪ ጉሮሮ ታያለች፣ ካልወደደችው ተረኛ ሐኪም ትጠራለች። ቤት ውስጥ ይህን የሚሠራው አስታማሚው ነው። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቀስቅሶ «አፍህን ክፈት» ብሎ በስልክ መብራት ማየት። ትኩስ ቀይ ደም በጉሮሮ ጀርባ ሲወርድ ካየ መነሣት። ይህን የሚያደርግ ሰው ቤታችሁ አለ? የሚደነግጥ ሳይሆን የሚያይ ሰው። ከሌለ ጥያቄው ተመለሰ፤ እደሩ።

ቤት ሆኖ ቢነስር ራስን ወደ ኋላ ማጋደል አይበጅም፤ ደሙን ወደ ሆድ ይመልሰዋል። ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል፣ ደሙን በአፍ መትፋት፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ መጫን ነው። የአፍንጫው አጥንት ወይም ቅርጹ ከተነካ ግን አይጫንም፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ጎዝ የተወተፈበት ሰውም ደሙ ጎዙን አልፎ መፍሰስ ከጀመረ ቤት ሆኖ አይጠብቅ።

ማደር የማይሸፍነው

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ሌሊት ሆስፒታል አድሮ በማግስቱ ሲወጣ «አለፈ» ይላል። ያለፈው የመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው። በጣም አደገኛው እሱ መሆኑ እውነት ነው። ብቸኛው ግን አይደለም።

በተከታዮቹ ቀናት የመሐል ግድግዳው ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል። አፍንጫ እንደገና ድፍን ይላል፣ ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ይጨምራል፣ ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ቶሎ ካልተቀዳ የግድግዳውን ለስላሳ አጥንት ያበላሸዋል፤ የአፍንጫ ድልድይ ሊሰምጥ ይችላል። ሁለተኛ ነስር ደግሞ አለ። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ቅርፊቱ ሲላቀቅ፣ ወይም ቁስሉ ሲመረቅዝ ይመጣል። የሳይነስ ኦፕራሲዮን የተሠራለት ሰው ሲጎነበስ ጥርት ያለ፣ ጨው ጨው የሚል ውሃ ጠብ ጠብ ካለው፣ ዓይኑ ካበጠ ወይም እይታው ከተቀየረ ነገ ሳይል ዛሬውኑ ይሂድ።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሆስፒታል አንድ ሌሊት አድሮ በማግስቱ ዴላንታ ከሚገባ ሰው ይልቅ፣ በዕለቱ ወጥቶ ሳምንቱን ደሴ ዘመድ ቤት የሚቀመጥ ሰው የተሻለ መረጠ። ሰው ሁለት አማራጭ ብቻ ያለ ይመስለዋል። ሦስተኛ አለ። ከሆስፒታል መውጣት፣ ከከተማው አለመውጣት።

ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት። ወሎ ውስጥ ደሴ ላይ አንድ የአክስት ልጅ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያው «አስቸግራለሁ» ማለት አለ፤ አትበሉ። የሌለው ሆስፒታሉ አካባቢ አልጋ ይከራይ፤ ከአስታማሚ ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም። ከሙሉ ማደንዘዣ በኋላ ለ24 ሰዓት ሰው ብቻውን አይተኛም። መኪና፣ ሞተር፣ ባጃጅም አይነዳም። የሚፈረም የውል ወረቀት ካለም ይቆይ።

መንገዱን ቁጠሩ

ኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያለውን መንገድ ቁጠሩ። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ናት። በቀን ምንም አይደለም። ሌሊት ደም እየፈሰሰበት ያለ ሰው ይዞ የሐረጎን ጥምዝምዝ መውጣት ሌላ ነገር ነው፤ መኪናውም አስቀድሞ መኖር አለበት። ሐይቅም ወደ 30 ነው። የጎረቤት መኪና ካለ፣ ሾፌሩም «በሌሊትም ቢሆን ጥራኝ» ካለ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ በዕለቱ መመለስ ይቻላል። ካልሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት ደሴ።

ከዚያ ለራቀው፣ ለመቅደላ፣ ለተንታ፣ ለመካነ ሰላም ሰው በዕለቱ ቤት መግባት የሚባል ነገር የለም። መንገድ አንዳንዴ የሚዘጋበት ዘመን ላይ ነን፤ ይህም በስሌቱ ውስጥ ይግባ። ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ግን የራሷ ሆስፒታል አላት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነስርን በጎዝ ወትፎ ማቆም የግድ ስፔሻሊስት አይጠይቅም፤ ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሠራዋል። ስለዚህ የምትለኩት እስከ ሠራላችሁ ሐኪም ያለውን ርቀት ብቻ ሳይሆን እስከ ቅርቡ ድንገተኛ ክፍል ያለውንም ነው። እዚያ ስትደርሱ የምታሳዩት የመውጫ ወረቀት በኪሳችሁ ይኑር።

አዲስ አበባ ሄዶ ለሚሠራው 400 ኪሎ ሜትር አለ። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ መውጣት አይሞከርም። «ከቦሌ ኮምቦልቻ እበራለሁ» የሚለውም ቢሆን አፍንጫው ተወትፎ አውሮፕላን ላይ አይወጣም፤ ሐኪሙ አንድ ሁለት ሳምንት ይጠብቅ ሊለው ይችላል። የአዲስ አበባ ቆይታችሁን ከኦፕራሲዮኑ ዋጋ ጋር አብራችሁ ደምሩ።

ቤታችሁ ለአፍንጫ ይሆናል?

ቤት ከሆስፒታል ይሻላል የሚባለው እውነት አለው። የራስ አልጋ፣ የራስ ሽንት ቤት፣ ከሌላ በሽተኛ የሚተላለፍ ነገር አለመኖሩ። ዋርድ ውስጥ መብራት አይጠፋም፣ አጠገብ ያለው ሰው ያቃስታል፣ አስታማሚ ወንበር ላይ ይነጋበታል።

የወሎ ቤት ግን ጠያቂ ይበዛበታል። ሰው ታሞ ወጣ ከተባለ ጎረቤት፣ ዕድርተኛ፣ የቀበሌ ሰው፣ ሁሉም ይመጣል። ደግ ነው። ግን ቡና ይፈላል፤ ቡና ካለ እጣን አለ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ቤቱ በጭስ ይሞላል። ለተቆረጠ አፍንጫ ጭስ ጠላት ነው። በሽተኛው ያስነጥሰዋል፤ ማስነጠስ ቁስሉን ያደማል። ካስነጠሰም አፉን ከፍቶ ያስነጥስ። ደግሞ እያንዳንዱ ጠያቂ «እንዴት ሆንክ?» ሲል መመለስ አለ። በአፉ ብቻ የሚተነፍስ ሰው ብዙ ማውራት ይደክመዋል። ሽንኩርትና በርበሬ የሚቁላላበት ጓዳ ከመኝታው ጋር አንድ ከሆነም ያው ነው። ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ አፍንጫ ውስጥ መክተት የሚፈልግ አዋቂ ዘመድም አይጠፋም። በአክብሮት «ሐኪሙ ከልክሎኛል» በሉት።

ሌላው የጸሎት ነገር ነው። ሱጁድም ስግደትም ግንባርን ወደ መሬት ይወስዳል፤ ደም ወደ ፊት ይመጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙስሊሙ ተቀምጦ ይስገድ፤ ለታመመ ሰው ሃይማኖቱ ይፈቅዳል። ክርስቲያኑም ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይጸልይ። ጀሪካን መሸከም፣ እህል ማንሣት፣ ትኩስ ነገር መጠጣት፣ አፍንጫ መናፈጥም እንደዚሁ ይቆያሉ። አጥሚቱ ለብ ይበል።

ስለ እናቶች አንድ ነገር ልበል። ለወንዱ በዕለቱ መውጣት ማለት ቤት ገብቶ መተኛት ነው። ለብዙ ሴት ግን ቤት ገብታ ምድጃ ፊት መቆም ነው። «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ልጆቹ ይራባሉ፣ ትነሣለች፣ ሊጥ ታቦካለች። ቤቷ ሥራውን የሚይዝላት ሰው ከሌለ፣ ሐኪሙ «ብትሄጂም ይቻላል» ቢላትም ትደር። የሆስፒታል አልጋ ቢያንስ ማንም እንዳያስነሣት ያደርጋል።

ያለ ክርክር የሚያድሩ

ሲተኛ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው፣ አፍንጫው ሲወተፍ ይብስበታልና ያድራል። ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የሚያስቸግር ስኳር፣ ከባድ አስም ያለበት ያድራል። ፖሊፕና አስም አብረው የመሄድ ልማድ አላቸው፤ ስለዚህ ፖሊፕ ያለበት ሰው አስሙን አይደብቅ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ጥርስ ሲነቀል እንኳ ደሙ አልቆም ያለ ሰው ያድራል። ኦፕራሲዮኑ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የተጀመረበትም እንደዚሁ። ስለዚህ በዕለቱ መውጣት የምትፈልጉ ከሆነ ጠዋት የመጀመሪያው ተራ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ጫትም ይነገር። ጫት ልብ ያስመታል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግፊት ከፍ ሲል አፍንጫ ይደማል። «ከኦፕራሲዮን በፊት ሞራል ይሰጠኛል» ብሎ በዋዜማው በርጫ የተቀመጠ ሰው ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገር፤ ቀጠሮው ሊዛወርም ይችላል። አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደም ስለሚያፈስሱ ቀደም ብለው ይቆማሉ። ለልብ የታዘዘ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን ግን በራስ ውሳኔ አይቆምም፤ ያዘዘው ሐኪም ይጠየቃል።

ገንዘቡ

በግል ሆስፒታል አልጋ በሌሊት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ማደር ዋጋውን በግልጽ ያሳድጋል። በመንግሥት ሆስፒታል የአልጋው ክፍያ ራሱ አይደለም ኪስ የሚጎዳው። የአስታማሚው ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ከሥራ የቀረበት ቀን ነው። አልጋ የሚጠብቅ ወረፋ ስለሚረዝምም ተመላላሽ የሆነ ሰው ቶሎ ቀጠሮ ሊያገኝ ይችላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ መታወቂያችሁን አሳድሱ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር አጽፉ። ሪፈሩን ዘሎ የሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ወሎ ለዚህ መድን እንግዳ አይደለችም፤ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ሙከራው ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ነበረች። ለውበት ብቻ የሚሠራ የአፍንጫ ቅርጽ ማስተካከያ ግን በመድኑ አይሸፈንም።

ከመፈረማችሁ በፊት

የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪሙን ያዝ አድርጉት። ማታ ቢነስረኝ የት ልምጣ፣ በማን ስልክ ልደውል? በዕለቱ ለመውጣት ካልደረስኩ አልጋ አለ ወይ? ክሊኒኩ ማታ የሚዘጋ ከሆነ ወዴት ነው የምትልኩኝ? ለዚህ የመጨረሻው ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ የሌለው ክሊኒክ ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥቶ እንዲሠራችሁ አልመክርም፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ።

ስትወጡም አትቸኩሉ። ተነሥታችሁ ስትቆሙ ካዞራችሁ፣ የጠጣችሁት ውሃ ከተመለሰ፣ ጉሮሯችሁ ላይ ትኩስ ደም ካለ፣ ሕመሙ በኪኒን ካልታገሠ፣ መኪና ደጅ ቆሞ ቢጠብቅም አትወጡም። «ትንሽ ልቆይ» በሉ። አያሳፍርም።

ጎዙ የሚወጣበትን ቀን በጽሑፍ ያዙ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ውስጥ ነው፤ ከውስጥ የተሰፋ ስስ ፕላስቲክ ካለ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ጎዝ ረስቶ አገሩ የገባ ሰው ለኢንፌክሽን ይጋለጣል። ከሩቅ የመጣችሁ የመመለሻ ትኬታችሁን ከዚያ ቀን በፊት አትቁረጡ።